የሰጎኗ ካሳ



ከመካከላችሁ በወሎም ሆነ በሐረርጌ፣ በባሌም ሆነ በሌላ ሥፍራ ከሸኽ እግር ሥር ተቀምጦ የሻፊዒይን መዝሀብ ፊቅህ የቀራ ሰው ካለ የኢማም ነወዊይን «ሚንሃጅ» ያውቀዋል። በሐጅ ክፍል ውስጥ አንዲት አጭር ዝርዝር አለች። ኢሕራም ውስጥ የገባ ሰው የዱር እንስሳ ቢገድል ምን ካሳ (ጀዛእ) ይከፍላል ለሚለው ጥያቄ የተሰጠች መልስ ናት። ሰጎን የገደለ ግመል ይከፍላል፤ የዱር ላም ወይም የዱር አህያ የገደለ ላም፤ ሚዳቋ የገደለ ፍየል፤ ጥንቸል የገደለ ገና ዓመት ያልሞላት የፍየል ግልገል። ዝርዝሯ እየወረደች እስከ ትንሿ የበረሃ አይጥ ድረስ ትዘልቃለች። ደረሳው በቃሉ ይይዛታል፤ ሸኹ ያብራሯታል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ርዕስ ይታለፋል።

እስቲ ዛሬ ሳንቸኩል ቆም ብለን እንያት።

ኢማም ነወዊይ የሞቱት በ676 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1277) ነው። የኖሩትም በሻም ምድር ነበር። በዚያ ዘመን ሰጎን በሻምና በዐረቢያ በረሃ ላይ ትሮጥ ነበር፤ የዱር አህያውም በመንጋ ይታይ ነበር። ሐጃጁ በመንገዱ ላይ ሊያገኛቸው ይችል ስለነበር ነው ሕጉ ያስፈለገው። ዛሬስ? የዐረቢያ ሰጎን በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ ዘሯ ጠፋ። ጠመንጃና መኪና በረሃውን ከረገጡ በኋላ ብዙ አልቆየችም። የሶሪያው የዱር አህያ መጨረሻው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው፤ አንዱ በዮርዳኖስ አዝረቅ አጠገብ በጥይት ወደቀ፣ ሌላው በዚያው ዓመት ቪየና ከተማ በእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞተ። ፉቀሃ «የዱር ላም» የሚሉት ነጩ የዐረብ ሳላ ደግሞ፣ በእኛ አገር በአፋርና በሶማሌ ሜዳ የምናውቀው የሳላ ዘመድ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1972 የመጨረሻው ኦማን ውስጥ በአዳኞች ከተገደለ በኋላ ከዱር ጠፋ። (የእርሱ ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።)

እንግዲህ ሕጉ በኪታቡ ላይ እንዳለ ነው፤ ሕጉ የተደነገገላቸው እንስሳት ግን አንድ በአንድ ከምድሪቱ ላይ ተነሥተዋል። ለአንዲት ሰጎን ሙሉ ግመል የሚጠየቅ ከሆነ፣ ለሰጎኗ ዘር በሙሉ ማን፣ ምን ሊከፍል ነው?

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስቀምጥ። ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም። ጀዛእ የኢሕራምና የሐረም ምድር ሕግ ነው፤ ከዚያ ውጭ ለምግብ ማደን በሸሪዓችን የተፈቀደ ነው። የሰጎኗን ዘር የጨረሱት አዳኞችም ኢሕራም ለብሰው አልነበረም። ስለዚህ «ግመል አምጡ» የሚል ዳኛ የለም። ነገር ግን አላህ በሐጅ ቀናት የሚያስተምረን ትምህርት ኢሕራሙ ሲፈታ አብሮ የሚፈታ ነውን? ሰላት በቀን አምስት ጊዜ ብቻ ሆኖ ሳለ ቀኑን ሙሉ ከጸያፍ ነገር እንዲከለክለን አይደል የተደነገገው? ከአደን ሕግም የምንማረው ነገር እንዳለ አምናለሁ። በተለይም ዛሬ ስለ ምድር መሞቅ፣ ስለ እንስሳት ዘር መጥፋትና ስለ ሰው ልጅ ዕጣ ፈንታ ክርክሩ በበዛበት ጊዜ።

ታላቁ አላህ በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 94 ላይ ምእመናንን በአንድ ነገር እንደሚፈትናቸው ይነግራቸዋል። ፈተናው እጃቸውና ጦራቸው የሚደርስበት የአደን እንስሳ ነው፤ በሩቅ ሆኖ እርሱን የሚፈራው ማን እንደሆነ እንዲገለጥ። ሙፈሲሮች እንደሚተርኩት ይህ የሆነው በሑደይቢያ ዘመቻ ጊዜ ነው። ሶሓቦች ኢሕራም ላይ ሳሉ እንስሳቱና አዕዋፉ ከዚያ በፊት ባልታየ ብዛት ወደ ሠፈራቸው ተጠጉ። ትንንሾቹን በእጅ መያዝ፣ ትልልቆቹን በጦር መውጋት ይቻል ነበር። ረሃብ ለሚያውቅ የበረሃ ሰው ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። ልብ በሉ፤ ፈተናው እጦት አልነበረም። ፈተናው መድረስ መቻል ነበር። እጅ ይደርሳል፤ ማንም አይከለክልም፤ አላህ ብቻ ያያል።

ለመሆኑ ዛሬ የሰው እጅ የማይደርስበት ምን ቀረ? የአያቶቻችን ጦር ከአንድ ጥሻ አያልፍም ነበር። የእኛ ጦር ባሕር ሥር ያለውን ዓሣ፣ በሰሜን ዋልታ ያለውን በረዶ፣ በሰማይ ያለውን አየር ሳይቀር ይወጋል። ፋብሪካና መኪና ከመስፋፋታቸው በፊት በአየር ውስጥ ከሚገኝ አንድ ሚሊዮን እጅ 280ው ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. 2024 የምድር አማካይ ሙቀት ከዚያ ዘመን ጋር ሲነጻጸር በ1.5 ዲግሪ በልጦ የተገኘበት የመጀመሪያው ዓመት ሆኖ ተመዝግቧል። በአውስትራሊያና በፓፑዋ ኒው ጊኒ መካከል ብራምብል ኬይ የምትባል አንዲት ጠፍጣፋ የአሸዋ ደሴት አለች፤ በሌላ በየትም የማትገኝ የአይጥ ዝርያ ትኖርባት ነበር። ባሕሩ ከፍ እያለ ደሴቲቱን ደጋግሞ አጥለቀለቃት፤ ሣሩ ደረቀ፤ አይጧም ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በ2016 ተመራማሪዎች ጠፍታለች ብለው አስታወቁ። ሰው ባመጣው የአየር ንብረት ለውጥ ሳቢያ ዘሩ የጠፋ የመጀመሪያው አጥቢ እንስሳ እርሷ እንደሆነች ይነገራል። ያቺን አይጥ ያነጣጠረባት አዳኝ የለም። ስሟን እንኳ የሰማ ጥቂት ነው። ግን የሰው እጅ ደርሶባታል።

«አይጥ ናት!» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ አንድ ቀደምት ነቢይ የተናገሩትን እናስታውስ። አንዲት ጉንዳን ነክሳቸው የጉንዳኖቹን መንደር በሙሉ ባስቃጠሉ ጊዜ፣ በአንዲት ጥፋት አላህን የሚያወድስ አንድ ኡማ እንዴት ታጠፋለህ የሚል ተግሣጽ ከአላህ ዘንድ እንደመጣባቸው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ዘገባ ደግሞ ነቢያችን ውሾች ከኡማዎች መካከል አንድ ኡማ ባይሆኑ ኖሮ ሁሉም እንዲገደሉ ያዝዙ እንደነበር ተናግረዋል። በ388 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ዓሊም አል-ኸጣቢይ ይህን ሐዲስ ሲያብራሩ፣ ነቢዩ የጠሉት ከአላህ ፍጥረት አንድ ወገን ምንም ቅሪት እስከማይኖረው ድረስ ተጠራርጎ መጥፋቱን ነው ይላሉ። ይህ የተጻፈው ከሺህ ዓመት በፊት ነው። የዘር መጥፋት ክፉ መሆኑን እኛ ሙስሊሞች ከዛሬ ዘመን ጉባኤ የምንማረው አዲስ ነገር እንዳልሆነ ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል።

እንግዲህ ወደ ጀዛእ ሕግ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም ዛሬ ዓለም የሚከራከርባቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው በዚያች ትንሽ ምዕራፍ ውስጥ ተነሥተዋል።

የመጀመሪያው «አስበን አላደረግነውም» የሚለው ነው። አባቶቻችን ከሰል ሲያነድዱ፣ እኛም መኪና ስንነዳ አየሩን እናሞቃለን ብለን አልነበረም። በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 95 ላይ ካሳው የተጠቀሰው ሆን ብሎ ስለገደለ ሰው ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ፉቀሃ በስሕተት ወይም ረስቶ የገደለም ካሳው አለበት ብለዋል። ኢማም ዙህሪይ ስለ አጥፊው ቁርኣን፣ ስለ ረሺው ደግሞ ሱና እንደመጣ ተናግረዋል። ልዩነቱ በኃጢአቱ ላይ ነው፤ ሆን ያላለ ሰው ኃጢአት የለበትም፤ የጠፋው ነፍስ ግን ጠፍቷልና ዋጋው ከትከሻው አይወርድም። ይህ ሕግ እንዴት ያለ ፍትሕ እንዳለበት አስተውሉ! «ክፉ ሰው ነህ» አይለውም። «ክፈል» ነው የሚለው። በዛሬው ክርክር ላይ አንዱ ወገን ሌላውን ወንጀለኛ ሲያደርግ፣ ሌላው ደግሞ ንጹሕ ነኝ እያለ ኪሱን ሲቆልፍ ስሰማ ይህ መካከለኛ መንገድ የተረሳ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ብዙ ሰዎች ተባብረው አንድ እንስሳ ቢገድሉስ? ኢማም አቡ ሐኒፋና ኢማም ማሊክ በኢሕራም ላይ ያሉት ተባባሪዎች እያንዳንዳቸው ሙሉ ካሳ አለባቸው ብለዋል። ኢማም ሻፊዒይ የተገደለው አንድ ነውና ካሳውም አንድ ነው፣ በመካከላቸው ይካፈሉት ብለዋል። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው፤ እዚህ ልንዳኛቸው አንችልም። ነገር ግን በሁለቱም መንገድ ማንም በነጻ አይሄድም። «እኛ ብዙ ነን፤ የእኔ ድርሻ ኢምንት ናት» ብሎ ከነአካቴው የሚያመልጥ ሰው በአንዱም መዝሀብ የለም።

ይህን ለምን አጠብቀዋለሁ? የአየር ንብረት ጉዳይ ሲነሣ በየቤታችን የምንሰማው መልስ ይኸው ስለሆነ ነው። እውነት ነው፣ እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጥፋት ውስጥ ያለን ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነው። የአፍሪካ አህጉር በሙሉ እንኳ በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን 4 በመቶ ገደማ ቢለቅቅ ነው። ኢማም ሻፊዒይ እንዳሉት በድርሻ ከተካፈልን ለእኛ የሚደርሰን ትንሽ ነው፤ በልቶ የጠገበው ብዙውን ይክፈል ማለትም መብታችን ነው። ሆኖም ከብዙ ተካፋዮቹ መካከል በነዳጅ የበለጸጉ የሙስሊም አገሮች እንዳሉበት መሸሸግ አይገባም፤ ለአንድ ነዋሪ ሲካፈል በዓለም ላይ ከፍተኛውን ጭስ ከሚለቅቁት መካከል የባሕረ ሰላጤው አገሮች ይገኛሉ። «ምዕራባውያን አበላሹት» ብሎ ማቆም ግማሹን እውነት መናገር ነው። የምዕራባውያኑ ዕዳ ከሁሉም ይበልጣል፤ የእነርሱ ዕዳ ግን የኡማውን ዕዳ አይከፍልለትም።

ሦስተኛው ጥያቄ የጠቆመ ሰው ጉዳይ ነው። በሑደይቢያው ዓመት አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ኢሕራም ሳያደርግ፣ ጓደኞቹ ግን ኢሕራም ላይ ሆነው ሲጓዙ አንድ የዱር አህያ ታየ። ጓደኞቹ አይተውታል፤ አልነገሩትም። ራሱ አይቶት ፈረሱ ላይ ሲወጣ አለንጋው ወደቀበት፤ አቀብሉኝ ቢላቸው እምቢ አሉት። ወርዶ አነሣና ሄዶ ገደለው። ሥጋውን ከበሉ በኋላ ተጠራጥረው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠይቁ፣ እርሳቸው ካዘዘው ወይም ወደ እንስሳው ከጠቆመው ሰው መኖር አለመኖሩን ነው የጠየቁት። የለም ሲሏቸው የቀረውን እንዲበሉ ፈቀዱላቸው። ሐነፊዮች ከዚህ ተነሥተው የጠቆመም ሰው ካሳ አለበት ይላሉ፤ ሻፊዒዮች ካሳ የለበትም፣ ኃጢአት ግን አለበት ይላሉ። በአለንጋ ማቀበል ላይ እንኳ ይህን ያህል ጥንቃቄ! እኛ ዛሬ ገዝተን ስንጠቀም፣ ስናስመጣ፣ ስንነግድ ለማን አለንጋ እያቀበልን እንደሆነ የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን? ይህ ጥያቄ ሁሉን ነገር ሐራም ለማድረግ አይደለም። ሶሓቦቹ ሥጋውን በልተዋል። ግን ከመብላታቸው በኋላም ቢሆን ጠይቀዋል።

የጀዛእ ዕቃ የሚሄደውስ ወዴት ነው? ግመሉ ወይም ላሙ ታርዶ ሥጋው ለሐረሙ ምድር ድሆች ይከፋፈላል። ወይም በዋጋው እህል ተገዝቶ ለሚስኪኖች ይሰጣል፤ ወይም በዚያው ልክ ይጾማል። ለሰጎኗ የሚከፈለው ግመል ለሰጎኖች አይሰጥም፤ የሚበሉት የተራቡ ሰዎች ናቸው። «ሰው እየተራበ ስለ አውሬ ታወራላችሁ!» የሚለውን ክርክር ሸሪዓው እንዴት ከሥሩ እንደነቀለው ተመልከቱ። ለአውሬው የሚቆም ሕግ ድሃውን ያበላል፤ አውሬውን የሚረሳ ደግሞ ድሃውንም ማስራቡ አይቀርም። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 ድረስ በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በቦረናና በሶማሌ ክልል ግመልና ከብት እንደ ቅጠል ረገፈ። በ2023 የወጣ የሳይንቲስቶች ጥናት፣ ያ ድርቅ የመከሰት ዕድሉ ሰው ባመጣው ሙቀት የተነሣ ቢያንስ መቶ እጥፍ መጨመሩን አመልክቷል። ሳላውና ሚዳቋው የሞቱበት ሜዳ የአርብቶ አደሩም ልጆች የተራቡበት ሜዳ ነው።

በሐጅ ላይስ? እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ ወቅት መካ ላይ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ አልፎ ነበር። የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት እንዳስታወቀው ከ1,300 በላይ ሐጃጆች ሞተዋል፤ አብዛኞቹም ፈቃድ ሳይኖራቸው የሄዱና ጥላ በሌለበት ፀሐይ ላይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። ኢሕራም የለበሰ ሰው እንስሳን እንዳይጎዳ የተከለከለበት ምድር ላይ፣ ኢሕራም የለበሱ ሰዎች በሙቀት ወደቁ። የሞታቸው ምክንያት ብዙ ነው፤ የደላላ ማታለልም አለበት፤ ሁሉን በአየር ንብረት ማሳበብ ሐሰት ይሆናል። ግን የሙቀቱ ነገር ከእንግዲህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

አሁን ብዙ ጊዜ ከጀመዓው መካከል የሚነሣውን ተቃውሞ ልንሸሸው አንችልም። «ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ ቂያማም ቀን ተቆርጦለታል፤ የሰው ልጅ ከዚያ በፊት አይጠፋም፤ ታዲያ ምን ያስጨንቀናል?» ይባላል። የእምነቱ ክፍል ትክክል ነው። ከእርሱ የተወሰደው መደምደሚያ ግን አይደለም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ጦራቸውን ሲመልሱ፣ ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ተብለው ተጠይቀዋል። የመለሱትም ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንደሚሄዱ ነበር። ከዚህም ሌላ፣ «የሰው ልጅ አይጠፋም» የሚለው ተስፋ ለእገሌ አገር ወይም ለእገሌ ሕዝብ የተጻፈ አይደለም። አላህ ከፈለገ እኛን አስወግዶ ሌላ ፍጥረት ሊያመጣ እንደሚችል፣ ይህም ለእርሱ እንደማይከብደው በሱረቱ ኢብራሂምና በሱረቱ ፋጢር ውስጥ ነግሮናል። ዓድና ሰሙድም ከቂያማ በፊት ነው የጠፉት።

በሌላ በኩል ደግሞ ከሳይንስ ሰዎች ዘንድ የሚሰማ ተቃውሞ አለ። ምድር ከዚህ በፊት አምስት ታላላቅ የፍጥረት እልቂቶችን አሳልፋለች፤ ዳይኖሶሮች የጠፉት ሰው ከመፈጠሩ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው፤ ዘር መጥፋት የተፈጥሮ ሥርዓት ነው ይላሉ። እውነት ነው። ሞትም የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ ሰው ሁሉ ይሞታል፤ ግን ነፍሰ ገዳይ ዳኛ ፊት ቆሞ «እርሱ ለነገሩ ሟች ነበር» ቢል ማን ይሰማዋል? አላህ የሰጠውን ሕይወት አላህ ሲወስድ ጥበቡ የእርሱ ነው። እኛ የምንጠየቀው በእጃችን ስለሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከመቶ በላይ አገሮች አባል የሆኑበት የብዝኀ ሕይወት ጉባኤ አንድ ሚሊዮን ያህል የእንስሳትና የእጽዋት ዝርያዎች የመጥፋት አደጋ ላይ እንዳሉ ሲያስታውቅ፣ በዋና ምክንያትነት የቆጠራቸው ሁሉ የሰው ሥራዎች ናቸው።

እኔ እንደማስበው ክርክሩን ሁሉ «የሰው ልጅ ይተርፍ ይሆን?» በሚል ፍርሃት ላይ ማቆም ራሱ ደካማ መሠረት ነው። ፍርሃቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ለራሱ ብቻ የፈራ ሰው፣ ገንዘብ ኖሮት አየር ማቀዝቀዣ ሲገጥም ፍርሃቱ ያልቅለታል። ነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ.) መርከቡን ሲሠሩ የታዘዙት ምእመናንን ብቻ እንዲጭኑ አልነበረም፤ ከየእንስሳው ጥንድ ጥንድ እንዲጭኑም ነው። ቦታው ጠባብ፣ ጊዜው አስጨናቂ ነበር። ያም ሆኖ የሰው መትረፍ ብቻውን እንደ መትረፍ አልተቆጠረም።

ቀደም ሲል ታሪኩን እንመለስበታለን ያልኩት ነጩ ሳላ እዚህ ላይ ይምጣ። ከዱር ከመጥፋቱ አሥር ዓመት ገደማ በፊት፣ የሚመጣውን ያዩ ሰዎች ጥቂቶቹን ሰብስበው በአሜሪካ አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ማራባት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1982 ዘሮቻቸው ወደ ኦማን በረሃ ተመለሱ፤ ጠባቂዎቻቸውም የአካባቢው አርብቶ አደሮች፣ የሐራሲስ ጎሣ ሰዎች ሆኑ። መንጋው ወደ 450 ደረሰ። ከዚያ ግን ከ1996 ጀምሮ በሕይወት ይዘው የሚሸጡ አዳኞች ተነሡበት፤ ቁጥሩ ወደ 65 ወረደ። መንግሥትም ነዳጅ ለማስፈለግ የጥብቅ ሥፍራውን ዘጠና በመቶ ቆርጦ ወሰደ፤ በ2007 ዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ሰረዘው፤ ከዚያ መዝገብ የተሰረዘ የመጀመሪያው ሥፍራ ነው። ቢሆንም በሳዑዲ ዓረቢያና በሌሎች አገሮች የተለቀቁት ተራብተው፣ በ2011 በዱር ያለው ቁጥር ወደ አንድ ሺህ መድረሱ ተነገረ፤ ከዱር ጠፍቶ የነበረ እንስሳ ይህን ያህል ሲያገግም የመጀመሪያው እንደሆነ ተመዝግቧል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሙስሊሙም የሌላውም እጅ አለ፤ በማጥፋቱም በመመለሱም። የዱር ላም ስትገደል ካሳዋ ላም ናት የሚለው የኪታቡ ቃል ዛሬ እንደገና ሕያው ባለቤት አግኝቷል።

ሰጎኗ ግን አልተመለሰችም። ሰዎች ዘመዷን ከአፍሪካ ወስደው ሊተኩባት ሞክረዋል፤ ያቺው ግን አይደለችም።

ከዝርዝሯ መካከል የዱር አህያው ይቀረናል። የሶሪያው ሄዷል፤ የአፍሪካው ግን ዛሬም አለ። ያለውም በእኛው ምድር፣ በአፋርና በአጎራባቹ ኤርትራ ነው። የቤት አህያ ሁሉ የዘር ምንጭ እርሱ ነው፤ ሸክማችንን የሚሸከመው፣ ውኃችንን የሚያመላልሰው እንስሳ ከእርሱ ወገን ነው የወጣው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ዓለም አቀፍ ግምገማ በዱር የቀሩት ለመራባት የደረሱት ከ200 እንደማይበልጡ ይገምታል። የያንጉዲ ራሳ ፓርክ የተከለለው ለእርሱ ተብሎ ነበር። ጠላቱ ጥይት ብቻ አይደለም። ዝናብ ሲጠፋ የአፋሩ ፍየልና ግመል፣ የዱር አህያውም ወደዚያችው አንዲት ውኃ ይመጣሉ፤ ቅድሚያ የሚያገኘው ባለቤት ያለው እንስሳ ነው። አርብቶ አደሩን በዚህ ማን ይወቅሰዋል? ልጆቹን በዚያ ወተት ነው የሚያሳድገው።

ብዙ ቤተሰቦች ለሞቱ ወላጆቻቸው ሰደቀቱል ጃሪያ እንዲሆን በቆላው ምድር ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቻችንም በየረመዷኑ ለዚህ ገንዘብ ይልካሉ። አላህ ይቀበላቸው። ግን አዲስ ውኃ የተቆፈረበት ቦታ ሁሉ መንጋ ይሰፍርበታል፤ መንጋ የሰፈረበት ሣር ደግሞ ለዱር አህያው አይተርፍም። ከመቆፈሩ በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች፣ «የዱር አህያው በየት ይውላል? በየት ይጠጣል? ጉድጓዱን ከእርሱ ራቅ አድርገን የት ብንቆፍር ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ አይጠይቅም። የአፋር ሽማግሌዎች መልሱን ያውቁታል። ገንዘቡን የሚሰበስቡት ወንድሞችና እህቶችም ይህንኑ ጥያቄ ከቆፋሪው ጋር በሚዋዋሉበት ወረቀት ላይ ቢጽፉት መልካም ነው።